የሮቤል መዘግየት

ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ወንድሞቹ በሕልሙ ዘበቱበት፤ ልብሱንም ገፍፈው ውሃ በሌለበት ጕድጓድ ጣሉት፤ እነርሱም እንጀራ ሊበሉ ተቀመጡ። ሮቤል እንዳይገድሉት ቢከለክልም፥ ሊያድነው ማሰቡን ግን በልቡ ሰውሮ ዘገየ። በተመለሰ ጊዜ ጕድጓዱን ባዶ አገኘው፤ ብላቴናው በ20 ብር ተሽጦ ነበር።

በትምህርት ቤትም አንዱን ልጅ በድህነቱ ወይም በአንደበቱ መኰላተፍ ሲዘብቱበትና ሲደበድቡት አይተን፥ በልባችን ብቻ የምናዝን ብዙዎች ነን። ኀዘናችን ግን ከጕድጓድ አያወጣውም።

እንግዲህ ያየ ተማሪ ዛሬውኑ ለመምህሩ ይንገር፤ መምህሩም «የልጆች ጨዋታ ነው» ብሎ አይናቀው፤ እኛም ልጃችን ትምህርት ቤት መሄድን ሲጠላ፥ ሳንቈጣ ምክንያቱን እንጠይቀው። የሚያጠቃውንም ሳናዋርድ እንገሥጸው፤ እርሱም ልጃችን ነውና። ሳንዘገይ እንድንደርስ እግዚአብሔር ይርዳን፤ አሜን።