አጥሩ ከመተከሉ በፊት እንጠየቅ!

(በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ያደረግሁት ንግግር)



«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እየተባልን ላደግን ለኛ፣ ሠራዊት የሕዝብን ሐሳብ ይጠይቃል ቢሉን ሳቃችን ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ግን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ መሥሪያ ቤቶች ደንብ ከማውጣታቸው በፊት እንደኛ ነጋሪት ጋዜጣ ባለው «ፌዴራል ሬጅስተር» ላይ እንዲያሳውቁና አስተያየት እንዲቀበሉ ያዛል። እርግጥ ሕጉ ወታደራዊ ጉዳይን ከዚህ ግዴታ ነፃ አውጥቶታል። ቢሆንም የሠራዊቱ የመሐንዲሶች ክፍል ለተኩስ ልምምድ ውኃ ሊዘጋ ሲያስብ ረቂቁን ያትማል፤ ዓሣ አስጋሪውንም ባለጀልባውንም «ምን ትላላችሁ?» ይላል።

እኛስ? ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የሚነግረን ያለቀለትን ነው። አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የመመሪያ ረቂቃቸውን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ አዟል። እሰየው! ግን ጠያቂ ከሌለው ወረቀት ሆኖ ይቀራል።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ የጦር ምስጢር ምስጢር ይሁን፤ ማንም አይነካውም። የገበሬው ማሳ ለጦር ካምፕ ሲታጠር ግን ምኑ ነው ምስጢሩ? አጥሩን እንደሁ ገበሬው ራሱ ያየዋል! ታዲያ ከማየቱ በፊት ቢጠየቅ ምን ይጎዳል?