በኤዲንብራ ስም የታየ ልብስ፣ በሃዊክ የተሠራ ሹራብ



ሻኔል የተባለው የፓሪስ የልብስ ቤት «ፓሪስ ኤዲንብራ» ብሎ የሰየመውን የልብስ ስብስብ ለዕይታ ያቀረበው ዲሴምበር 4 ቀን 2012 ነበር፤ በዚህ ንግግር የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስሙ የኤዲንብራ ይሁን እንጂ ትርዒቱ የተደረገው በከተማዋ አይደለም። ከኤዲንብራ በስተምዕራብ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው በሊንሊዝጎ ቤተ መንግሥት ነው። ይህ ቤተ መንግሥት ንግሥት ሜሪ ስቱዋርት በ1542 የተወለደችበት ሲሆን፣ በ1746 በእሳት ከጋየ ወዲህ ግድግዳው እንጂ ጣሪያው የለም። ልብሱን ያሳዩት ሴቶች በዲሴምበር ብርድ ሰማይ በሚታይበት ግቢ ተመላለሱ። ትዊድ የተባለው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ፣ ታርታን የተባለው ባለ መስመር ጥለት፣ የንግሥቲቱን ዘመን የሚያስታውስ ከፍ ያለ የአንገት ሽንሽን፣ ላባ፣ ጥልፍና ሹራብ በአንድነት ታዩ። ነዳፊው ካርል ላገርፌልድ ነበር፤ እርሱም በ2019 እስከ ሞተ ድረስ ለቤቱ ሲነድፍ ኖሯል።

ሥራው ውብ እንደ ነበር የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ በዚህ ጉባኤ ፊት የሚነሣው ጥያቄ ከውበቱ አልፎ ይሄዳል። የአንድ ከተማ ባህልና ቅርስ ለከበረ ልብስ መነሻ ሆነ በተባለ ጊዜ፣ አገሩ ለልብሱ ምን ሰጠ? ልብሱስ በተራው ለአገሩ ምን መለሰ?

አስቀድሞ ቅርስ የተባለውን ራሱን መመርመር ይገባል። ታርታን ዛሬ የኤዲንብራ መታወቂያ መስሎ ይታያል። ነገር ግን ታርታንና ኪልት የተባለው የወንዶች ሽርጥ የከተሜው ልብስ አልነበሩም፤ የሰሜኑ ተራራማ አገር ሰዎች፣ የደገኞቹ ልብስ ነበሩ። በ1745 የተነሣው ዓመፅ ከከሸፈ በኋላ የለንደን ፓርላማ በ1746 ባወጣው ሕግ የደገኞቹን ወንዶች ይህን ልብስ ከለከላቸው። የሊንሊዝጎ ቤተ መንግሥትም የጋየው በዚያው ጦርነት የመንግሥት ወታደሮች ሰፍረውበት ሳለ ነው። ክልከላው የተሻረው በ1782 ነበር።

ከ40 ዓመት በኋላ፣ በኦገስት 1822፣ ንጉሥ ጆርጅ 4ኛ ኤዲንብራን ጎበኘ። የአቀባበሉን ሥነ ሥርዓት ያሰናዳው ደራሲው ዋልተር ስኮት ነበርና ከተማው በታርታን አሸበረቀ፤ ንጉሡም ራሱ ኪልት አድርጎ ታየ። ደገኛውን እንደ ሽፍታ ይቆጥሩ የነበሩ የከተማው ጌቶች ሳይቀሩ ኪልት ታጠቁ። በባኖክበርን ለነበረው የዊልሰን የሽመና ድርጅት ትእዛዝ ጎረፈለት። በዚያው ዘመን ግን እንደ ሰተርላንድ ባሉት ግዛቶች ባለ ርስቶቹ ለበግ ግጦሽ ሲሉ ደገኞቹን ከመሬታቸው ያፈናቅሉ ነበር። ልብሱ ከተማ ሲገባ ባለ ልብሱ ተሰደደ። እንግዲህ የስኮትላንድን ልብስ በትርዒት አክብሮ ሠሪውንና ለባሹን መርሳት ከፓሪስ የመጣ ልማድ አይደለም፤ በኤዲንብራም አደባባይ ታይቷል።

የትዊድ ታሪክ አጠር ያለ ነው። ጋብሪኤል ሻኔል ጨርቁን የወደደችው በ1920ዎቹ ዓመታት ከዌስትሚንስተር መስፍን ጋር ወደ ስኮትላንድ እየሄደች ሳልመን ዓሣ ታጠምድ በነበረበት ጊዜ ነው፤ የወንዶችን የአደን ልብስ ለሴቶች አደረገችው። ለቤቱ ለብዙ ዘመን ትዊድ ሲሠራ የኖረው ሊንተን ግን የሚገኘው በካርላይል፣ ማለትም በእንግሊዝ ምድር መሆኑ ፈገግ ያሰኛል።

ዋናው ነገር ያለው ከኤዲንብራ በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በቴቪዮት ወንዝ ዳር በምትገኘው ትንሽ ከተማ በሃዊክ ነው። በ1903 የተቋቋመው ባሪ የተባለው የሹራብ ፋብሪካ ከ25 ዓመት በላይ ለሻኔል የካሽሚር ሹራብ ሲሠራ ኖሯል። እንዲህ ያለው ሹራብ ፊቱ፣ ጀርባውና እጅጌው በመኪና ለየብቻ ከተሠራ በኋላ፣ አንገቱ ከገላው ጋር የሚጋጠመው ሠራተኛዋ እያንዳንዱን የክር ቀለበት በዓይኗ እየለየች በመርፌ ጫፍ ላይ እያዋለች ነው። አንዲት ቀለበት ካመለጠች ሹራቡ ይተረተራል። ይህን እጅ ለማሠልጠን ዓመታት ይፈጃል፤ ከተበተነም በኋላ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

በኦገስት 2012 የፋብሪካው ባለቤት የነበረው ዶውሰን ኢንተርናሽናል የጡረታ ገንዘብ ጉድለት ከብዶት በሕግ በተሾሙ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። በባሪ የነበሩት 176 ሠራተኞች ዕጣ ፈንታቸውን የማያውቁ ሆኑ። በኦክቶበር ሻኔል ፋብሪካውን ገዛው፤ ሠራተኞቹም በሥራቸው ቆዩ። በሊንሊዝጎ ያ ሁሉ ትርዒት የታየው ከዚህ ከሁለት ወር በኋላ ነው። ግዢው ከቤቱ የቆየ አካሄድ የወጣ አልነበረም፤ በ1985 ቁልፍና ጌጥ ሠሪውን ደሩን፣ በ1996 ላባ ሠሪውን ለማሪዬን፣ በ2002 የጥልፍ ቤቱን ለሳዥን የራሱ አድርጓል። «ፓሪስ ኤዲንብራ»ም የእነዚህን የጥበበ እድ ቤቶች ሥራ ለማሳየት ከ2002 ጀምሮ በየዓመቱ ከሚዘጋጁት ስብስቦች አንዱ ነው። ስለዚህ ለአገሩ የተመለሰ ነገር ካለ፣ ያ ነገር የግዢው ውል ነው። 

ሆኖም ደንበኛ ባለቤት ሲሆን የሠሪው ኑሮ በአንድ ጌታ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። ፓሪስ ሐሳቧን ብትለውጥ ሃዊክ ምን ይከለክላታል? በዚያው በስኮትላንድ ሌላ መንገድ ተሞክሯል። የሃሪስ ትዊድ ሸማኔዎች ምልክታቸውን በ1910 አስመዝግበው ነበር፤ በ1993 ደግሞ ፓርላማው ባወጣው ሕግ፣ በምዕራባዊዎቹ ደሴቶች ነዋሪ ሸማኔ በገዛ ቤቱ በእጁ ያልሠራው ጨርቅ «ሃሪስ ትዊድ» ተብሎ ሊሸጥ አይችልም። ሱፉም ተነክሮ የሚፈተለው በዚያው ነው። በዚህ አሠራር ስሙ ከሠሪው አይለይም።

ነገር ግን ሕግ ገዢ አያመጣም። በ1966 ከ7 ሚሊዮን ያርድ በላይ ደርሶ የነበረው የሃሪስ ትዊድ ምርት ከዚያ ወዲህ እጅግ አሽቆልቁሏል፤ የ1993ቱ ሕግም ያንን ዘመን አልመለሰውም። ለሸማኔው መብቱ ተጠብቆለት ሳለ የሽመና ዕቃው ሥራ ሊፈታ ይችላል። ለሃዊክ ሠራተኛ ደግሞ ሥራው አለለት፤ የሚጠብቀው ሕግ ግን የለውም።

ባሪ ከተገዛ በኋላ ለሌሎች የልብስ ቤቶች መሥራቱን አልተወም፤ በራሱም ስም ሹራብ ወደ መሸጥ ደርሷል። የአንገት አጋጣሚዎቹ ሥራ ዛሬም በሃዊክ ይሠራል።