ሞላው ለጉልበት ብቻ አይደለም



የአየር ጠመንጃ ያለው ሰው ሞላ ልቀይር ብሎ ሲነሣ የሚያልመው አንድ ነገር ነው፤ ጉልበት። እኔ ግን ሞላ የሚቀየረው ጠመንጃው አደብ እንዲገዛ ነው እላለሁ።

ኤች ደብሊው 35 የተባለውን የጀርመን የአየር ጠመንጃ እንውሰድ። በባቫሪያ፣ ሜልሪሽሽታት የሚገኘው የዋይራውኽ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ የሠራው ነው። አፈሙዙ ወደ ታች ሲታጠፍ ፒስተኑ ወደ ኋላ ሄዶ ሞላውን ያምቀዋል። ምላጩ ሲሳብ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወረወራል፤ የእርሳስ ጥይቱን የሚገፋው ግን ከፊቱ የታመቀው አየር ነው። የአየሩን መጠን ደግሞ የቱቦው ስፋትና የፒስተኑ ጉዞ አስቀድመው ወስነውታል። ጠንካራ ሞላ ቢከቱበት አየሩ አይበረክትም። ፒስተኑ በአየሩ ላይ ይነጥራል፣ አለዚያም ከቱቦው ጫፍ ይላተማል። ትከሻ ይህን ያውቀዋል፤ አነጣጣሪ መነጽሩም ቶሎ ይላላል።

አሮጌው ሞላ ሲወጣ መስተዋት ላይ አንከባልሉት፤ ከተወላገደ እየዘለለ ይሄዳል። ቀጥሎ በውስጡ የሚያልፈውን ዘንግ እዩ። በአንድ ጎኑ ብቻ ተልጦ የሚያብረቀርቅ መስመር ካለው፣ ሲተኮስ የሚሰማው «ድዝዝ» ከዚያ ነው፤ ሞላው ለዘንጉ ሰፍቶታል። መድኃኒቱ ሞላው በእጅ ተገፍቶ ጥብቅ ብሎ የሚገባበት ዘንግ በቶርኖ ማሠራት ነው። የሞላው ጫፍ ስለት ካለው በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ። ግራሶ ስስ ተደርጎ ለሞላው ብቻ፤ ከፒስተኑ ፊት ከደረሰ በታመቀው አየር ግለት ይቀጣጠላል። የአየር ጠመንጃ ጭስ ሲተፋ ያያችሁ ካላችሁ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ሕግም አለ። በጀርመን ከ7.5 ጁል በላይ የሆነ የአየር ጠመንጃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ በእንግሊዝ ጣሪያው 12 ፉት ፓውንድ፣ ማለት 16.3 ጁል ገደማ ነው። ግማሽ ግራም እርሳስ በሰከንድ 173 ሜትር ከተጓዘ የጀርመኑን ጣሪያ ነካ ማለት ነው። ስለዚህ ሞላ ቀይሮ ፍጥነቱን በመሣሪያ ሳይለኩ መቅረት ሳያውቁ ሕግ ወደ መጣስ ያደርሳል።

አንድ ነገር አደራ። ጠመንጃው ባይወጠርም ሞላው በውስጡ ታፍኖ ነው የሚኖረው፤ የኋላ መዝጊያው የመጨረሻ ጥርሱን ሲለቅ ይፈናጠራል። እርሳስ አለመጉረሱን ሳታረጋግጡ፣ ሞላውን ይዞ ቀስ እያለ የሚለቅ ማመቂያ ሳታዘጋጁ፣ መዝጊያውን አትንኩ።