ሁሉን የሚችል ተጫዋች ቤቱ የት ነው?

(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ደውለው «የፈለግሽውን ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት እንደማወራ ገምተው ነበር መሰለኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና ዛሬ የማወራው ስለ ኳስ ነው። ያውም ስለምናውቀው ኳስ አይደለም። እዚህ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሚጋጠሙበት፣ እንደ እንቁላል ሞላላ ስለሆነው ኳስ ነው። ከዚያም ውስጥ ላይንባከር ስለሚባለው አንድ ቦታ ብቻ። አንዳንዶቻችሁ ስትስቁ አያለሁ። ታገሱኝ፣ መጨረሻው ወደ ቤታችን ይመልሰናል።

ጨዋታውን የለመድኩት ወድጄ አይደለም። ሬዚደንት ሳለሁ ቅዳሜ ተረኛ ከሆንኩ የታካሚዎቹ ቴሌቪዥን ሁሉ የሚያሳየው እሱን ነበር። የልብ ድካም የነበረባቸው አንድ አዛውንት፣ ደረታቸውን እያዳመጥኩ፣ «ኳሱን አትዪ፣ ላይንባከሩን እዪው፤ ምን እንደሚመጣ የሚነግርሽ እሱ ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እሱን ነው የማየው። አሁን ደግሞ የአስራ ሰባት ዓመት ልጄ በትምህርት ቤቱ ቡድን የሚጫወተው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። በየወገኑ አስራ አንድ ሰው አለ። ኳሱን የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፣ ማለትም ዘጠኝ ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መግፋት አለበት። ወይ ይዞ ይሮጣል፣ ወይ ይወረውራል። የሚከላከለው ቡድን በሦስት ረድፍ ይቆማል። ከፊት ግዙፎቹ ይጋፋሉ፤ ከኋላ ፈጣኖቹ የሚወረወረውን ኳስ ይጠብቃሉ። በመሀል የሚቆሙት ናቸው ላይንባከሮቹ። እናቴ ስትጠይቀኝ «ከግንባሩ ኋላ ያለ ደጀን ማለት ነው» አልኳት፤ ወዲያው ገባት።

ድሮ የዚህ ደጀን ሥራ ግልጽ ነበር። ሰፊ ትከሻውን ይዞ መሀል ይቆማል፣ ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ይጥላል። እሱን የሚያጠቃው ወገን ግን ሦስት ነገር ቀየረበት።

አንደኛው ስፋት ነው። ስፕሬድ የሚሉት አጨዋወት አጥቂዎቹን ከዳር እስከ ዳር ይበትናቸዋል። የሜዳው ወርድ 160 ጫማ ነው፣ ወደ 49 ሜትር። በኮሌጅ ጨዋታ ኳሱ ከአንዱ ዳር በ60 ጫማ ርቀት ላይ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ በወዲያኛው በኩል 100 ጫማ፣ ሠላሳ ሜትር ክፍት ሜዳ ይቀራል። በፕሮፌሽናሉ ሊግ ኳሱ ወደ መሀል ስለሚቀርብ ሰፊው ወገን የዚህን ያህል አይሰፋም። ያን ሜዳ ከባድ ሰው ሮጦ አይሸፍነውም።

ሁለተኛው ጥድፊያ ነው። አጥቂው ቡድን ተሰብስቦ ሳይመካከር ቶሎ ቶሎ ይጫወታል። በሕጉ አጥቂው ሰው ከቀየረ ተከላካዩም እንዲቀይር ጊዜ ይሰጠዋል፤ አጥቂው ካልቀየረ ግን የሚጠብቅ የለም። ስለዚህ በእነዚያው አስራ አንድ ሰዎች አንዴ በጉልበት፣ አንዴ በውርወራ ይመጣል። ተከላካዩ ለየዓይነቱ ባለሙያ ቢኖረውም ባለሙያው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። ስፔሻሊስቱ ከተማ፣ በሽተኛው ገጠር፤ ታውቁታላችሁ አይደል?

ሦስተኛው ተንኮል ነው፤ አር ፒ ኦ ይሉታል። ኳሱን የሚያከፋፍለው ኳርተርባክ አንድ ተከላካይ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ላይንባከሩ ላይ፣ ዓይኑን ይተክላል። ላይንባከሩ ሯጩን ሊይዝ ወደፊት ከመጣ እሱ በለቀቀው ቦታ ይወረውራል። ወደኋላ ከቀረ ኳሱን ለሯጩ ይሰጣል። በዚህ ላይ የኮሌጁ ሕግ፣ ኳሱ ሊወረወር ቢሆንም እንኳ ከፊት የሚጋፉት አጥቂዎች እስከ 3 ያርድ ወደፊት እንዲሄዱ ይፈቅዳል። በፕሮፌሽናሉ 1 ያርድ ብቻ ነው። እነሱን አይቶ «ሩጫ ነው» ብሎ የወሰነ ላይንባከር ይታለላል። ያ ሰው የቱንም ቢመርጥ ተሳስቷል። ሰንፎ አይደለም፤ ጨዋታው የተሰናዳው እሱ እንዲሳሳት ነው።

አሠልጣኞቹ ምን አደረጉ? አንዳንዶቹ ከላይንባከሮቹ አንዱን አውጥተው አምስተኛ የኋላ ተከላካይ አስገቡ። ጋሪ ፓተርሰን በቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ 4-2-5 የተባለውን አሰላለፍ የዘወትር አሰላለፋቸው አድርገውት ነበር። ሌሎቹ በሁለቱ መካከል ያለ ሰው ፈለጉ፤ ሯጭን ለመጣል የሚከብድ፣ ኳስ ተቀባይን ለመከተል የሚፈጥን። ስሙ እንደየቤቱ ይለያያል። ኖተር ዳም «ሮቨር» አለው፣ ማለትም ዘዋሪ፤ ሚሺጋን በዶን ብራውን ጊዜ «ቫይፐር» አለው፣ ማለትም እፉኝት። የኖተር ዳሙ ሮቨር ጀረማያ ኦዉሱ-ኮራሞዋ እ.ኤ.አ. በ2020 ለምርጥ ላይንባከር የሚሰጠውን የበትከስ ሽልማት ወሰደ። ክብደቱ መቶ ኪሎ እንኳ አይሞላም ነበር። እንግዲህ ዘመኑ ምን ዓይነት ላይንባከር እንደሚፈልግ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ከሁሉም በላይ ግን የማስበው ከእሱ አንድ ዓመት ቀድሞ ያንኑ ሽልማት ስለወሰደው ስለ ክሌምሰኑ አይዛያ ሲመንስ ነው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ93፣ ክብደቱ 108 ኪሎ፤ 40 ያርዱን በ4.39 ሴኮንድ የሮጠ ልጅ ነው። ወደ ኮሌጅ የመጣው ሴፍቲ ሆኖ ነበር፤ ሴፍቲ ማለት የመጨረሻው የኋላ ጠባቂ ነው። ከዚያ ላይንባከር አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2019 በአንድ ጨዋታ ውስጥ አንዴ ከፊት ኳርተርባኩን ሲያባርር፣ አንዴ መሀል፣ አንዴ ከዳር ፈጣን ተቀባይ ሲጠብቅ፣ አንዴ ደግሞ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ታገኙታላችሁ። በዚያ ዓመት ታኅሣሥ ማለቂያ ከኦሃዮ ስቴት ጋር ሲጫወቱ ኳስ ነጠቀ፤ ክሌምሰንም 29 ለ23 አሸነፈ። በ2020 የአሪዞናው ፕሮፌሽናል ቡድን በስምንተኛ ምርጫ ወሰደው።

ከዚያስ? ሦስት ዓመት ተጫውቶ፣ በነሐሴ 2023 ያ ቡድን ለኒው ዮርክ ጃያንትስ አሳልፎ ሰጠው። በለውጡ ያገኘው አንድ የሰባተኛ ዙር ምርጫ ብቻ ነበር፤ ዙሩ ደግሞ ሰባት ነው፣ የመጨረሻው።

ያው ሰውነት፣ ያው ፍጥነት። ታዲያ ምን ተለወጠ? ፕሮፌሽናሉ ሊግ መክበዱ አንድ ነገር ነው። እኔ አሠልጣኝ አይደለሁም፤ ግምቴን ግን ልንገራችሁ። በክሌምሰን የመከላከሉ ኃላፊ ብሬንት ቬናብልስ ነበሩ። ሲመንስ ቦታ በቀየረ ቁጥር ሌሎቹ አስሩ ሥራቸውን ያውቁ ነበር። እሱም ኳሱ ከመነሳቱ በፊት የዚያች ቅጽበት ጥያቄው አንድ ነበር። እኛ የምናየው ሁሉን የሚሠራ ልጅ ነው፤ እሱ ግን በአንድ ጊዜ የሚሠራው አንድ ነገር ነው። አሪዞና ውስጥ መጀመሪያ መሀል ላይ አቆሙት፣ ቆይተው ወደኋላ መለሱት። ሁሉን መቻሉን ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ቤቱ የት እንደሆነ ግን የሚናገር የጠፋ ይመስለኛል።

ይህን የምለው ታሪኩን በራሴ ላይ ስላየሁት ነው።

ከተመረቅሁ በኋላ አንድ የገጠር ሆስፒታል ተመደብኩ። ሁለት ሐኪሞች ነበርን፤ ጓደኛዬ ለትምህርት ሄደና ብቻዬን ቀረሁ። ጠዋት ቀዶ ማዋለድ፣ ቀትር ላይ የተሰበረ እጅ፣ ከሰዓት የወረዳ ስብሰባ፣ ማታ ወባ። «የኛ ዶክተር የማትችለው የለም» ይሉኝ ነበር። አልዋሻችሁም፣ ደስ ይለኝ ነበር። መድኃኒት ማዘዣው፣ የማቀዝቀዣው ቁልፍ፣ ሁሉም ነገር በእኔ በኩል እንዲያልፍ አደረግሁ።

አንድ ሌሊት ማዋለጃ ክፍል አንዲት እናት ደም እየፈሰሳት ነበር። በዚያው ሰዓት የሕፃናት ክፍል ውስጥ ወባ የጠናበት የአራት ዓመት ልጅ ያንቀጠቅጠው ጀመር። ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ወደ ግራ ብሄድ ስህተት፣ ወደ ቀኝ ብሄድ ስህተት። እናትየዋን መረጥኩ፤ እሷ ተረፈች። ልጁ ጋ ስደርስ ግሉኮሱ ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ አልተሰጠም። ተረኛዋ ሲስተር ከእኔ የበለጠ ልምድ ነበራት፤ ምን መደረግ እንዳለበት አሳምራ ታውቃለች። «እርስዎ እስኪመጡ ብዬ ነው፣ ዶክተር» አለችኝ።

ልጁ አልተረፈም። ቀድሞ ቢሰጠው ይተርፍ እንደነበር ማንም እርግጠኛ ሆኖ ሊነግረኝ አይችልም። ሲስተሯን ግን አንድም ቀን አልወቀስኳትም፤ እንድትጠብቀኝ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ሁሉን የምትችል ሐኪም ስሆን፣ በዙሪያዬ ያሉት የሚችሉትን እንኳ እንዳይሠሩ አድርጌ ነበር።

መምህሮቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ የቤታችን ታሪክ ነውና። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲቋቋም ያሠለጠነው ጤና መኮንን ሁሉን የሚችል ሰው ነበር፤ ያክማል፣ ይከላከላል፣ ያስተዳድራል። ግን ብቻውን እንዲሠራ አልታሰበም። ከኮሚዩኒቲ ነርሱና ከሳኒታሪያኑ ጋር በቡድን ተምሮ፣ በቡድን ነበር የሚወጣው። እያንዳንዱ የራሱንም የጓደኛውንም ሥራ ያውቅ ነበር። ዘዋሪውን ከነአሰላለፉ ያሰቡት ሰዎች እዚሁ ቤታችን ነበሩ ማለት ነው።

ወደ ልጄ ልመለስና ላብቃ። ሐኪሞች ናችሁና ጥያቄያችሁ ይገባኛል፤ «ጭንቅላቱስ፣ አንገቱስ?» ትላላችሁ። ፈቃዱን የፈረምኩት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ አሁንም አልተረጋጋሁም። ዘንድሮ ደግሞ አሠልጣኙ «ሁሉም ቦታ ትጫወታለህ» አለው። ደስ ብሎት ሲነግረኝ የዚያን ጊዜዋን ራሴን አየሁ። እራት ላይ «ኳሱ ሲነሳ መጀመሪያ የምታየው ማንን ነው?» አልኩት። «ሁሉንም» አለኝ። «ሁሉንም ያየ ማንንም አላየም፤ ሂድና አሠልጣኝህን ጠይቅ» አልኩት። ይህን እነሱ ራሳቸው «ኪ» ይሉታል፣ ቁልፍ ማለት ነው። እያንዳንዱ ተከላካይ የሚያየው አንድ ሰው አለው፤ የዚያ ሰው የመጀመሪያ እርምጃ ወዴት መሄድ እንዳለበት ይነግረዋል። በሳምንቱ ልጄ መጥቶ፣ «እማዬ፣ መሀል ስቆም አንዱን፣ ዳር ስወጣ ሌላውን ነው የማየው። እኔ ዳር ስወጣ መሀሉን ማን እንደሚይዝም ነግረውኛል» አለኝ። የዚያን ቀን ትንሽ ተኛሁ።

መምህሮቻችን፣ ልመናዬ ይኼው ነው። ዛሬም ተማሪዎቻችሁን ሁሉን እንዲችሉ ታስተምራላችሁ፤ አገሪቱ ትፈልጋለችና ትክክል ነው። ግን ከመሸኘታችሁ በፊት አንድ ነገር አለማምዷቸው። የተመደቡበት ሆስፒታል በደረሱ በመጀመሪያው ሳምንት ከነርሶቹና ከአዋላጆቹ ጋር ይቀመጡና «እኔ ሌላ ክፍል ስሆን እዚህ ማን ምን ይጀምራል?» የሚለውን በወረቀት ይጻፉት፤ ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። እኛም ከውጭ ለሁለት ሳምንት ለማስተማር የምንመጣው፣ ሁሉን እናስተካክል ብለን አንምጣ። የክፍሉን ኃላፊ «የጎደለው የትኛው ቦታ ነው?» ብለን ጠይቀን፣ እዚያች ቦታ ላይ እንቁም።

እራቱ ሳይቀዘቅዝ ልልቀቃችሁ።