ክረምት ሲወጣ የሚያብቡ ቁጥቋጦዎች

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ግቢ ውበት እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ጉዳዩ ከእርሻና ከደን ችግሮቻችን ጋር ሲመዛዘን ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ ሰግቼ ነበር። ሆኖም የአንድ ትምህርት ቤት፣ የአንድ ጤና ጣቢያ ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ሕዝቡ የሙያችንን ውጤት በየዕለቱ የሚያይበት ስፍራ ነው። በዚያ የተከልነው ሁሉ በየበጋው እየደረቀ ሲነቀል፣ የሚባክነው ገንዘብና ውሃ ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ በምክራችን ላይ ያለው እምነትም ጭምር ነው።

የዛሬው ንግግሬ ዓላማ አንድ ነው። ይኸውም በደጋና በወይና ደጋ አገራችን ክረምት ሲወጣ የሚያብቡና ያለ ብዙ ድካም የሚኖሩ ቁጥቋጦዎች መኖራቸውን፣ እነዚህንም አበባ የሚያሳጣቸው ብዙውን ጊዜ የእንክብካቤ ማነስ ሳይሆን ያለጊዜው የሚደረግ እንክብካቤ መሆኑን ማስረዳት ነው።

ይህን በመጀመሪያ የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና በሥራው ጀማሪ ሳለሁ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ኀላፊነት ተሰጥቶኝ ነበር። በአጥሩ ሥር ረጅም የራስ ክምርና የአንፋር ረድፍ ነበረ። አዲስ ዓመት ሲቃረብ ግቢው አምሮ ይታይ ዘንድ፣ በነሐሴ መጨረሻ ቁጥቋጦው ሁሉ በእኩል ቁመት እንዲከረከም አዘዝሁ። ሽማግሌው አትክልተኛ ጥቂት ካመነቱ በኋላ ትእዛዙን ፈጸሙ። ረድፉም ለበዓሉ እንደ ግንብ ቀጥ ብሎ ታየ። ነገር ግን መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ከአጥሩ ውጭ በመንገድ ዳር ማንም ያልተከለው ራስ ክምር በአበባ ተሸፍኖ ሳለ፣ የእኛው ረድፍ ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ። ምክንያቱን ብጠይቃቸው፣ «ጌታው፣ አበባውን እኮ ነሐሴ ላይ ቆርጠን ጣልነው» አሉኝ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «መቼ ጠየቁኝና?» ሲሉ መለሱልኝ።

ሽማግሌው ልክ ነበሩ። ራስ ክምርም ሆነ አንፋር የሚያብቡት በዚያው ዓመት ዝናብ ባበቀሉት አዲስ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ነው። ተክሉ ከሰኔ ጀምሮ ቅርንጫፉን ያሳድጋል፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብም በዚያው ጫፍ ላይ እምቡጡን ያዘጋጃል። በነሐሴ የሚያልፍ መቀስ የሚቆርጠው እንግዲህ ትርፍ ቅጠልን ሳይሆን የመስከረምንና የጥቅምትን አበባ ነው። ስለዚህ እነዚህ ቁጥቋጦዎች መቆረጥ ያለባቸው ዋናው ዝናብ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦት ነው። በዚህ ጊዜ ጠንከር ተደርገው ቢቆረጡ እንኳ በክረምቱ ዝናብ ያገግማሉ። ሕጉ ግን ለሁሉም እኩል አይሠራም። ቀጋ በቆዩ ግንዶቹ ላይ በሚወጡ የጎን ቅርንጫፎች ስለሚያብብ፣ ያረጁ ግንዶቹ የሚወገዱት አበባው ካለፈ በኋላ ነው። እንግዲህ መቀስ ከማንሣታችን በፊት፣ «ይህ ተክል አበባውን የሚያወጣው ከየት ነው?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

በመስከረም ሜዳውን የምታለብሰው አደይ አበባ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትጠወልጋለች። ከእርሷ ጋርና ከእርሷ በኋላ ግቢውን በቀለም የሚያቆዩ ሦስት ቁጥቋጦዎችን ላቅርብ። የአገር ስም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ የሳይንስ ስማቸውንም እጠቅሳለሁ።

የመጀመሪያው ራስ ክምር፣ ማለት ሊዮኖቲስ ኦሲሚፎሊያ ነው። ብርቱካንማ አበባው ግንዱን እየከበበ ደረጃ በደረጃ ይከመራል። ቱቦ መሳይ አበባውን ረጅም ምንቃር ያላቸው ማር ቀሳሚ ወፎች ይጎበኙታል። በደረቁ ክምሮች ውስጥ የሚገኘው ዘር ተለቅሞ በቀላሉ ይፈላል።

ሁለተኛው አንፋር፣ ማለት በድሌያ ፖሊስታክያ ነው። የቅጠሉ ሥር ነጣ ያለ ሲሆን፣ ብርቱካንማ አበባው ንቦችን አጥብቆ ይስባል። ካልተቆረጠ አነስተኛ ዛፍ ስለሚሆን፣ ከግድግዳ ራቅ ተደርጎ ቢተከል ይመረጣል።

ሦስተኛው አምጃ፣ ማለት ሃይፐሪከም ረቮሉተም ነው። አበባው ደማቅ ቢጫ ነው፤ ቅጠሉም በእጅ ሲታሽ ቅመም ቅመም ይሸታል። በተፈጥሮው የደጋ ተክል ስለሆነ፣ እንደ እንጦጦ ላሉ ከፍተኛና ቀዝቃዛ ስፍራዎች ይስማማል እንጂ ለቆላ ግቢ አይመከርም።

ከዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ያለ ድካም የሚያብብ ሁሉ መልካም አይደለም። የወፍ ቆሎ የሚባለው ላንታና ካማራም እንክብካቤ ሳይጠይቅ በብዙ ቀለም ያብባል። ይሁን እንጂ ከአሜሪካ ሞቃት አገሮች የመጣ ወራሪ ተክል ነው፤ ፍሬውን ወፎች እየበተኑት የግጦሽ መሬት ይወርራል፤ ቅጠሉም ከብትን ይመርዛል። ለአጥራችን ጌጥ ስንል ለጎረቤት አርብቶ አደር ዕዳ ማውረስ አይገባንም።

አነስተኛ ድካም ማለትም ምንም ድካም የለም ማለት አይደለም። ችግኙ ዝናቡ እንደጸና፣ በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይተከል። አፈሩ ውሃ የሚያቁር ኮትቻ ከሆነ፣ ሥሩ እንዳይበሰብስ ከፍ ባለ መደብ ላይ መትከል ያስፈልጋል። በመጀመሪያው በጋ በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ ጠልቆ እስኪርስ ማጠጣት፣ ዙሪያውንም ግንዱን ሳይነካ በደረቅ ሣር መሸፈን ይበጃል። በሁለተኛው በጋ ውሃው እየተቀነሰ ይሄዳል። ሥሩ ወደ ታች ከዘለቀ በኋላ ተክሉ የሚጠይቀን በግንቦት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገን ዕውቀት በእጃችን ይገኛል። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝር እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በስምንት ቅጽ ታትሞ ተጠናቋል። በአዲስ አበባም የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የአገር ተክሎችን በሕይወታቸው ለማየት ያስችላል።

የጎደለው በብዙ ችግኝ ጣቢያዎቻችን ውስጥ የእነዚህ ቁጥቋጦዎች መደብ ነው። ሰው የሚተክለው ሊገዛ የሚችለውን ነውና፣ አባሎቻችን ዘር ለቅመው በየጣቢያቸው አንድ አንድ መደብ እንዲያፈሉ አደራ እላለሁ። በየግቢው ያሉትን አትክልተኞችም ትእዛዝ ከመስጠታችን በፊት እንጠይቃቸው። እኔ ባለመጠየቄ ያጣሁት የአንድ ዓመት አበባ ነበር፤ በአገር ደረጃ ሲታሰብ ግን ኪሳራው ከዚህ እጅግ ይበልጣል።