ከተራራው ግርጌ የተቀመጠው ሹም
(በአዳማ ለማኅበራችን አባላት የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲሰሙት የሁለት ሩቅ ነገሮች ጋብቻ ይመስላል። በአንድ ወገን ተራራ የመውጣትን ጀብዱ የሚተርክ ልብ ወለድ አለ፤ በሌላው ወገን ሥልጣኑን የግፍ መሣሪያ ያደረገ ሹም አለ። ገደል፣ ውርጭና ገመድ ባለበት ታሪክ ውስጥ ተራራው ራሱ በቂ ባላንጣ ሆኖ ሳለ፣ ሹሙ ምን ሊሠራ ይገባል? ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

ጥያቄውን በአዳማ ማንሣታችን የተገባ ነው። ከተማይቱ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ሲሆን ዙሪያዋን ተራሮች ይመለከቷታል። በምሥራቅ ቦሰት፣ ከዚያም አልፎ ከመተሐራ በላይ ፈንታሌ፣ በምዕራብ ለ3,000 ሜትር ጥቂት የሚጎድለው ዝቋላ፣ በደቡብ ደግሞ ከአሰላ በላይ ከ4,000 ሜትር የሚዘልቀው ጭላሎ ይገኛሉ። በዝቋላ አናት ላይ ወዳለው ሐይቅና ወደ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም በጥቅምትና በመጋቢት 5 ቀን ብዙ ምእመን ይወጣል። ገበሬውና እረኛውም ዳገቱን ዕለት በዕለት ያውቁታል። እንግዲህ ተራራ መውጣት ለሕዝባችን ባዕድ አይደለም፤ ባዕድ የሆነው ለጨዋታ ተብሎ መውጣቱ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ መውጣቶች ሌላ አንድ ጥንታዊ መውጣት አለን፤ እሱም መሸፈት ነው። ርስቱን የተቀማ፣ ፍርድ የተጓደለበት፣ ደጅ ጠንቶ የሰለቸ ሰው በመጨረሻ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ተራራው ነበር። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እስከ 1962 ዓ.ም. በባሌ፣ በ1960 ዓ.ም. በጎጃም የተነሡት የገበሬዎች አመፆች መንስኤያቸው የግብር ጫናና የአስተዳደር በደል እንደ ነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ስለሆነም በእኛ አገር ወደ ተራራው የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሹም ደጃፍ ነው። ግፈኛውን ሹም ወደ ተራራ ልብ ወለድ የሚያስገባ ደራሲ፣ ሁለቱን ነገሮች ያለ ዝምድናቸው አያጋባም።

አሁን ወደ ድርሰቶቻችን ልለፍ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ከባላገሮቻቸው ከተለመደው በላይ ይጠይቃሉ፤ ባላገሮቹ እምቢ ሲሉ ሊቀጧቸው ይዘምታሉ፤ በአበጀ በለው የሚመሩት ገበሬዎች ግን ማርከው ይይዟቸዋል። የደራሲው ብልኅነት ፊታውራሪን ቀንድ ያለው ጭራቅ አድርገው አለመሣላቸው ነው። ፊታውራሪ የሚጠይቁት ሁሉ በትውልዳቸው የሚገባቸው መሆኑን ከልብ ያምናሉ። አንባቢ አንዳንዴ ይስቅባቸዋል፣ አንዳንዴም ያዝንላቸዋል፤ ነገር ግን ግፋቸውን ለአንድ አፍታ አይዘነጋም። ኃይላቸው ያለው በግቢያቸው ውስጥ፣ በአጃቢና በልማድ መካከል መሆኑን የምንረዳው ከዚያ ወጥተው ከገበሬው ጋር በሜዳ ሲገናኙ ነው። መጽሐፉ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ የጎጃም ገበሬ በእርግጥ ተነሣ። አመፁን ልብ ወለዱ አመጣው ማለቴ አይደለም፤ ደራሲው በአገሩ አየር ውስጥ የነበረውን ነገር አስቀድሞ አሽትቶት ነበር ማለቴ ነው።

የባሕር ማዶውን የተራራ ልብ ወለድ ስንመለከት ባላንጣው አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይወጣል። አሜሪካዊው ጀምስ ራምሴ ኡልማን በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ነጩ ግንብ» ውስጥ አንድ የናዚ መኮንን በስዊስ አልፕስ ከሌሎች ጋር አንድ ተራራ ይወጣል። ባላንጣው የተካነ ወጪ ነው፤ ክፋቱ ያለው በትዕቢቱ ላይ ነው። ይሁን እንጂ የእውነተኛው ተራራ ታሪክ ሌላ ዓይነት ክፋት ያስተምረናል። በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ ናንጋ ፓርባት በሄደው ጉዞ ከታች የነበሩት መሪዎች በላይኛው ሰፈር የነበሩትን ሰዎች ውረዱ ብለው ነበር፤ ሄርማን ቡል ግን ትእዛዙን አልፎ ብቻውን አናቱን ረገጠ። በ1954 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኢጣሊያውያን ኬ2ን በወጡ ጊዜ ዋልተር ቦናቲና የሁንዛው ተሸካሚ አሚር መህዲ ለመጨረሻዎቹ ወጪዎች ኦክስጅን አድርሰው፣ ከ8,000 ሜትር በላይ ያለ ድንኳን አደሩ። መህዲ የእግር ጣቶቹን አጣ። በጉዞው መሪ በአርዲቶ ዴሲዮ ስም የወጣው ይፋ ዘገባ ያን ሌሊት በሚገባው መጠን አልተናገረውም፤ የኢጣሊያ የተራራ ክበብ የቦናቲን ቃል እስኪቀበል ድረስ ከ50 ዓመት በላይ አለፈ። ውርጩ ጣት ይቆርጣል፤ ሪፖርቱ ደግሞ የተቆረጠውን ጣት ከመዝገብ ይፍቃል። የተራራ ልብ ወለድ ሊደርስበት የሚገባው ሹም፣ በእኔ አስተያየት፣ ይህን ሪፖርት የሚጽፈው ነው።

ነገሩን በአገራችን ምሳሌ ለማስረዳት ያህል አንድ ታሪክ በሐሳባችን እንፍጠር። ከአዳማ የተነሡ ጥቂት ወጣቶች ጭላሎን ሊወጡ ወደ አሰላ ይሄዳሉ እንበል። በመንገድ የሚመራቸው የአካባቢው እረኛ ነው። አንደኛው ወጣት ከጉብታው ወድቆ እግሩ ይሰበራል። እረኛው ሌሊቱን ሙሉ ሮጦ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ይደርሳል። መኪናው በግቢው ቆሟል፤ ሾፌሩም አለ፤ ነዳጁም አለ። የጎደለው አንድ ፊርማ ነው። ፈራሚው ግን ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ከስብሰባው ሲወጡም ጉዞው ያለ ፈቃድ መደረጉን ይጠይቃሉ፤ ከዚያ «ነገ ና» ይላሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ገደል በጭላሎ ላይ አይደለም፤ በጠረጴዛውና በበሩ መካከል ያለው ሦስት እርምጃ ነው። ሹሙ ማንንም አልገፋም፣ ገመድም አልቆረጠም። ሰው ግን በእርሱ እጅ ሞተ። ሳምንቱ ሳያልቅም እረኛው ያለ ፈቃድ እንግዳ በመምራት ተከሶ እናገኘዋለን።

እንዲህ ያለውን ሹም መሣል ለደራሲ ከባድ ሥራ ነው። ክፉን ሰው በድምፁ ማስጮህ፣ ጠጪና ሴሰኛ ማድረግ ይቀላል፤ እንደዚያ ሲሆን ግን አንባቢው «ይህ እኔን አይመለከትም» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ሹሙ ልጆቹን የሚወድ፣ በሰዓቱ ቢሮው የሚገባ፣ ደንብ አክባሪ ነኝ ብሎ የሚያምን ሰው ይሁን። ለምን እንደዚህ እንደ ሆነም እንወቅ። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለው የሹሙን ልብ ገልጠዋል፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው ደግሞ የተበዳዩን ተስፋ መቁረጥ ነግረውናል። ግፍ የሚቆመው በሁለቱ ምሳሌዎች መካከል ነው። አንደኛው ብቻ ያለበት ልብ ወለድ ግማሽ እውነት ይነግረናል።

የጉዳዩ ክብደት ግን ከሥነ ጽሑፍ ዘዴ በላይ ነው። በአገራችን ግፈኛን ባለሥልጣን በድርሰት መሣል ዋጋ ያስከፈለ ሥራ ነው። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ታግዷል። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» የ1974ቱን የቀይ ኮከብ ዘመቻ መነሻ አድርጎ አንባቢውን ከአሥመራ ቢሮዎች እስከ ናቅፋ ተራሮች ይወስደዋል። ያም በራሱ መንገድ የተራራ መውጣት ታሪክ ነው፤ ትእዛዝ የሚሰጠው አንዱ፣ ዳገቱን የሚወጣው ሌላው፣ የሚቀረውም ሌላው ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። በ2025 እ.ኤ.አ. «ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ሲቀርብ፣ የሰበሰቡት ሰዎች ሥልጣን ካለፈ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። የግፈኛውን ሹም ገጽ አጥርተው ካሳዩን ደራሲያን መካከል ራሳቸው ባለሥልጣናት የነበሩ አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ ሚኒስትርና አምባሳደር ነበሩ፤ በዓሉ ግርማም በማስታወቂያ ሚኒስቴር በከፍተኛ ኃላፊነት ሠርቷል። የሹሙን ወንበር ሙቀት ያወቁት ከውስጥ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ ሌላ ልብ ወለድ «ወንጀለኛው ዳኛ» መባሉን ልብ በሉ፤ በሁለት ቃል ፈራጁንና ተፈራጁን በአንድ ሰው ውስጥ አስቀምጠዋል።

ከዚህ በመነሣት ለማኅበራችን አባላት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከእኛ መካከል በማኅተም የሚሠራ፣ ማመልከቻ የሚቀበል፣ ተማሪ የሚያሳልፍ ወይም የሚጥል፣ ወረፋ የሚያስጠብቅ ብዙ ነው። ከሞጆ እስከ ባቱ፣ ከወንጂ እስከ መተሐራ ባሉት ከተሞች ያለው ወጣት ጸሐፊ የተራራ ጀብዱ ሲጽፍ፣ ባላንጣውን ከሩቅ አገር ከሚመጣ ወንበዴ አይፈልገው። በየዕለቱ የሚያልፍበትን ደጃፍ ይመልከት፤ ከዚያም ራሱ የሚቀመጥበትን ወንበር ይመርምር። አንባቢው ጭላሎን በልቡ ወጥቶ ሲመለስ፣ በማግሥቱ በመሥኮቱ ፊት የቆመውን ባለጉዳይ «ነገ ና» ከማለቱ በፊት ለአፍታ ቢያመነታ፣ ያ ልብ ወለድ የተጻፈበትን ወረቀት ዋጋ መልሷል እላለሁ።