የመሣሪያው መለወጥና የአቀናባሪው እጅ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



የፊልምና የቴሌቪዥን ምስል አቀናባሪ፣ በሙያው አነጋገር ኤዲተር የሚባለው ባለሙያ፣ ሥራው ከሸማኔ ሥራ ጋር የሚመሳሰልበት አንድ ነገር አለ። ሸማኔ መወርወሪያውን ለመወርወር እጁን እንደማይመለከት ሁሉ፣ የበሰለ ኤዲተርም ዓይኑን ከምስሉ ሳይነቅል ጣቶቹን በኪቦርዱ ላይ ያሠራል። ይህ የእጅ ልማድ በብዙ ዓመት ድካም የሚገኝ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2011 አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ፋይናል ከት ፕሮ ኤክስ» የተሰኘውን ፕሮግራም ለሽያጭ ባወጣ ጊዜ የተነሣው ቁጣ ምን እንደነበር ለመረዳት ከዚሁ መነሣት ይገባል።

ፋይናል ከት ፕሮን አፕል እ.ኤ.አ. በ1998 ከማክሮሚዲያ ኩባንያ ገዝቶ በ1999 ለገበያ አቀረበው። ከዚያ አስቀድሞ ፊልምን በኮምፒውተር ማቀናበር በአብዛኛው የአቪድን ውድ መሣሪያ ለመግዛት አቅም ላላቸው ድርጅቶች የተወሰነ ነበር። አዲሱ ፕሮግራም ግን በትንሽ ክፍል ውስጥ በአንድ ኮምፒውተር ለሚሠራው ሰው በሩን ከፈተለት። ስመ ጥሩው ዋልተር መርች «ኮልድ ማውንቴን»ን (2003) በዚሁ ካቀናበረ በኋላ የታላላቅ ስቱዲዮዎችም ጥርጣሬ እየቀነሰ ሄደ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2011 የኦስካርን የቅንብር ሽልማት የተቀበለው «ዘ ሶሻል ኔትወርክ»ም የተሠራው በዚሁ ፕሮግራም ነበር። እንግዲህ ለውጡ የመጣው መሣሪያው በክብር ጫፍ ላይ ሳለ ነው።

ለለውጡ በቂ ምክንያት ነበር። አሮጌው ፕሮግራም በ32 ቢት ሥርዓት የተሠራ በመሆኑ ኮምፒውተሩ የቱንም ያህል ማስታወሻ ቢኖረው ከ4 ጊጋባይት በላይ ሊጠቀምበት አይችልም ነበር። አዲሱ ይህን ገደብ ሰበረ። ከዚህም አልፎ የቅንብሩን መደብ፣ ታይምላይን የሚባለውን፣ ከሥሩ ለወጠው። ከአንድ ትዕይንት ላይ አንድ ምስል ቢወጣ የቀሩት እንደ ማግኔት ተሳስበው ክፍተቱን ይዘጋሉ፤ ከምስል ጋር የተያያዘ ድምፅም ምስሉን ተከትሎ ይሄዳል። ትራክ የሚባለው ነገር ግን ቀረ።

ጉዳዩን ከውጭ ለሚያይ ሰው የትራክ መቅረት ቀላል ነገር ይመስለዋል። ነገር ግን ትራክ የባልደረቦች ውል ነው። ኤዲተሩ ንግግሩን በመጀመሪያዎቹ ትራኮች፣ ሙዚቃውን ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ የበርን መንኳኳትና የመኪናን ድምፅ ደግሞ በሌላ ቦታ ያስቀምጣል። ሥራውን የሚረከበው የድምፅ ባለሙያ የትኛው ነገር የት እንደሚገኝ ሳይጠይቅ ያውቃል። አንዱን ቋንቋ ለሌላው የሚዘረጋው ይህ ሥርዓት ባንድ ቀን ጠፋ።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነበር። ቅንብሩን ለድምፅና ለቀለም ባለሙያ የሚያስተላልፉት ኦኤምኤፍ፣ ኢዲኤልና ኤክስኤምኤል የተባሉት ሰነዶች በአዲሱ ፕሮግራም አልተገኙም። በብዙ ካሜራ የተቀረጸን ዝግጅት ባንድነት ማቀናበር፣ ያለቀውን ሥራ ወደ ቴፕ መልሶ መቅዳት አልተቻለም። በአሮጌው የተሠራ ፕሮጀክትም በአዲሱ አይከፈትም። አንድ ዘጋቢ ፊልም ሠሪ የአምስት ዓመት ድካሙን ያስቀመጠበት ፋይል፣ ዲስኩ ላይ በደኅና ተቀምጦ ሳለ፣ ቁልፉ እንደ ጠፋበት ሣጥን ሆነ ማለት ነው። አሮጌው ፕሮግራም በዚያው ዕለት ከሽያጭ መነሣቱ ደግሞ ነገሩን አከፋው፤ ሁለት አዳዲስ ሠራተኞች የቀጠረ ድርጅት ለእነርሱ የሚሆን ፈቃድ የሚገዛበት መደብር አጣ።

ባለሙያዎቹም ዝም አላሉም። አሮጌው እንዲቀጥል፣ ካልሆነም ለሌላ ኩባንያ እንዲሸጥ የሚጠይቅ አቤቱታ ፈረሙ። የኮናን ኦብራየን የቴሌቪዥን ዝግጅት ኤዲተሮች በአዲሱ ፕሮግራም የተሠራ ነው ያሉትን የተዘበራረቀ ቅንብር በማሳየት በአደባባይ ተሳለቁበት። አዶቢና አቪድ ዋጋ ቀንሰው ቅሬተኞችን ጠሩ። አፕልም ከጥቂት ቀናት በኋላ ባወጣው የጥያቄና መልስ ጽሑፍ የጎደሉት እንደሚሟሉ ሲያስታውቅ፣ አሮጌ ፕሮጀክቶችን ማሻገር ግን እንደማይቻል ገለጸ።

በዚያን ጊዜ ኤዲተሮች አዲስ ነገር ይፈራሉ ያሉ ነበሩ። ይህ ፍትሕ የጎደለው ፍርድ ነው። ከመቀስና ከሙጫ ወደ ኮምፒውተር፣ ከአቪድም ወደ ፋይናል ከት የተሻገሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎቹም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሳይለዩ ባንድ ላይ አውግዘዋል። ስለ ታይምላይኑ አሠራር የተናገሩት ብዙው የችኮላ ነበር፤ በአዲሱ ፕሮግራም የተቀናበረው «ፎከስ» የተባለው የሆሊውድ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2015 ለሕዝብ ቀርቧል። ስለ ተቋረጠው ድልድይ የተናገሩት ግን እውነት ነበር፤ ኩባንያው በኋላ ያደረገው ሁሉ ይመሰክርላቸዋል። በሴፕቴምበር 2011 ኤክስኤምኤል ተመለሰ፤ በጃንዋሪ 2012 የብዙ ካሜራ ቅንብር ተጨመረ። አሮጌ ፕሮጀክቶችን ወደ አዲሱ የሚያሻግር መሣሪያም ከኩባንያው ውጪ በሆኑ ባለሙያዎች ተሠራ።

የሄዱት ግን ሁሉም አልተመለሱም። «ዘ ሶሻል ኔትወርክ»ን ካቀናበሩት አንዱ የሆነው ከርክ ባክስተር እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣውን «ጎን ገርል»ን ያቀናበረው በአዶቢ ፕሪሚየር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የማክ ሥርዓት አሮጌውን ፕሮግራም መቀበል ሲያቆም፣ የቆዩ ሥራዎቹን መክፈት የሚሻ ሁሉ አሮጌ ኮምፒውተር ሳያድስ ማቆየት ግድ ሆነበት። እ.ኤ.አ. በ2020 የምርጥ ፊልምን ኦስካር የወሰደውና በቅንብርም የታጨው የደቡብ ኮሪያው «ፓራሳይት» የተቀናበረው፣ ከሽያጭ ከተነሣ ስምንት ዓመት ገደማ ባለፈው በዚያው በፋይናል ከት ፕሮ 7 ነበር።